ከሱቁ ጀርባ የነበሩት ሁለት ጊታሮች

ነገሩ የሆነው ሸዋ ሮቢት ነው፣ በደርግ ጊዜ። የድሮው ሆቴል ተወርሶ አዳራሹ የኪነት ቡድን መለማመጃ ከሆነ ወዲህ የጋሽ አብዱረዛቅ ጨርቅ ሱቅ ሰላም አጥቷል። ግድግዳቸው አንድ ነዋ! ወዲህ አቡጀዲ ይለካል፣ ወዲያ ጊታር ይጮሃል።

አንድ ቀን ከሰዓት የጋሽ አብዱረዛቅ ልጅ ሙሀባ የአዳራሹን በር በርግዳ ገባች።

«አባዬ ዐስር ሶላት ሊሰግድ ነው! ይሄን ጩኸት ተዉልኝ ብሏል!»

ጊታሪስቱ ጀይላን ጣቱ ክሩ ላይ ቀረ። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ያብረቀርቃል። ተቆጥታለች፣ ግን ዓይኗ እሱን አልፎ ጊታሮቹን ያያል።

«ሁለት ናቸው እንዴ?» አለች ድምጿን ቀነስ አድርጋ።

አዎ፣ ሁለት ነበሩ። አንዱ በንጉሡ ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት ያስመጣው ነው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ክንድ የሚያርፍበት ጋ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ የወጣ፣ እንደ ማሾ ኩንታል ትከሻ የሚሰብር። ሌላው ከሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣ ነጭ፣ ቀጭን፣ አዝራሩ የበዛ። አሮጌው ድምፁ ከደረት የሚወጣ ይመስላል። አዲሱ ደሞ ስል ነው፤ እዚህ ተመትቶ ከወንዙ ማዶ ይሰማል።

በነጋታው ሙሀባ መጣች። «አባዬ ሊሰግድ ነው!» በሦስተኛውም ቀን መጣች።

«ጋሽ አብዱረዛቅ ጠዋት አጣዬ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ እኮ» አለ ጀይላን።

ፊቷ ቀላ። «ታዲያ ጎረቤት አይሰግድም?»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሰበብ አላስፈለጋትም። በሩ ላይ ትቆማለች፣ እሱ አሮጌውን ያነሳል፣ ትንሽ ይመታል። ብዙ አያወሩም። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንዳቸው ቶሎ ወደ መሬት ያያል።

ጋሽ አብዱረዛቅ ሞኝ አይደሉም። አንድ ቀን ጀይላንን ጠርተው «ልጄ፣ ሽማግሌህን ላክ፣ ኢንሻአላህ ደስ ይለኛል» አሉት። «ግን ጊታር ተሸክሞ አገር ላገር ለሚዞር ሰው ልጄን አልሰጥም። እዚሁ ከሆንክ ነው።»

«እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ። ወላሂ፣ የት እሄዳለሁ?»

ይሄን ባለ በሳምንቱ የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ፀጋዬ መጣ።

«ቅዳሜ የክፍለ ሀገሩ ኪነት መኪና በዚህ ያልፋል። አንድ ጊታሪስት ፈልገዋል። አዲሱ ጊታር ከሚሄደው ሰው ጋር ይሄዳል፣ አሮጌው እዚህ ይቀራል። አንተ ቀዳሚ ነህና ምረጥ፤ የተረፈውን ሁለተኛው ጊታሪስታችን ሸሪፍ ይይዛል።»

«ከሄድኩ መቼ እመለሳለሁ?»

«ጓድ ጀይላን፣ እኔ ነቢይ ነኝ እንዴ?»

ጀይላን ግራ ገባው። ነጩን ሲይዝ ጣቱ ይፈጥናል፣ ትልቅ መድረክ ይታየዋል። ቡናማውን ሲይዝ ደሞ ሙሀባ በሩ ላይ የቆመች ይመስለዋል። በቃ እሷ ትቁረጠው አለ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለቱንም ይዞ ሱቁ ጀርባ ማንጎው ስር ጠበቃት።

«የቱን ልያዝ?»

«የሚቀልህን» አለች እየሳቀች። «ይሄ ቡናማው ወገብህን ሰብሮት ማን ሊያሽህ ነው?»

«የምሬን ነው ሙሀባ። የኪነቱ መኪና ነገ ያልፋል፤ ነጩን ይዤ ልሂድ?»

ሳቋ ጠፋ። አንገቷን ደፋች። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ጠበቃት፤ ምንም አላለችም።

እኛ ዘንድ መቼም ልጃገረድ ለኒካህ ስትጠየቅ አፏን ከፍታ እሺ አትልም። ዝም ካለች ወዳለች ማለት ነው፣ ሽማግሌውም ያን ይዞ ይሄዳል። ጀይላን ይሄን እያየ ነው ያደገው። ዝም ስትለው እሺ፣ ሂድ ያለችው መሰለው። ተመልሼ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎም አሰበ፣ ግን አሰበ እንጂ አልነገራትም።

ቅዳሜ መኪናው ላይ ወጣ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ሲደርሱ ብርዱ የጊታሩን ቅኝት ሁሉ አበላሸው። ሊቃኝ ሞከረ፣ ጣቱ ደነዘዘ። ጓደኞቹ «ቆለኛው በረደው!» ብለው ሳቁ። መኪናው ቆሞ ነበር። ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለስ ሌላ መኪናም ነበር። ጀይላን ግን ከመኪናው አልወረደም።

ዓመታት አለፉ። አሥመራ፣ ሐረር፣ ግንባር፤ የወሰዱት ቦታ ሁሉ ተጫወተ። ፈቃድ አግኝቶ ሸዋ ሮቢት ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ ሱቁ ሄደ። ሙሀባ ባንኮኒው ጋ ቆማ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ ተኝቷል። ለከሚሴ ነጋዴ ተድራ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው።

ሻንጣውን ባንኮኒው ስር አስቀመጠ።

«እሺ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት። «ዝም ስትይ።»

«ብናገር አለቅስ ነበር። አትሂድ ማለት ደግሞ አፈርኩ።» ቀና ብላ አየችው። «ዝምታ እሺ የሚሆነው ለኒካህ ነው እንጂ ለመለያየትም ነው እንዴ፣ ጀይላን?»

ጀይላን ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ጫፍ ይዞ አጠፈላት።

«ለአባዬ አንድ ዓመት ሳትድረኝ ቆይ አልኩት፣ እሺ አለኝ። ሲያልቅ ሌላ ለመንኩት።» ልጁ ተነቃነቀ፣ ወዝወዝ ወዝወዝ አደረገችው። «ነጩ ግን ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነው። ድምፁ ሩቅ ይሄዳል።»

«እኔ ጋ አልደረሰም» አለች።

አንዲት ሴትዮ ገብታ አረንጓዴውን ጣቃ አውርጂልኝ አለቻት። ሙሀባ መሰላሉን ልታመጣ ዞረች። ጀይላን ቀድሞ እጁን ዘርግቶ ጣቃውን አወረደና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። «አላህ ይስጥህ» አለችው፣ ልክ ለማንም ሰው እንደሚባለው።