በዶኛ ሌዮካዲያ ጎተራ ሥር

ዶን ሌአንድሮ ቱዴላ ማክሰኞ ጠዋት በዶኛ ሌዮካዲያ ግቢ፣ ከጎተራው ሥር፣ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ባርኔጣው ግን ከላይ፣ ጎተራው በረንዳ ላይ ቀርቷል። ሰውየው ከማድሪድ የመጣው ከተማችን ሳንታ ኦላያ «ውብ የመካከለኛው ዘመን ከተማ» የሚለውን ማዕረጓን እንደያዘች ትቆይ ወይስ ትነጠቅ የሚለውን ሊወስን ነበር። ማንነቱን ደብቆ ተራ ጎብኚ መስሎ ቢገባም ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ከተማው በሙሉ አውቆታል። ከዚያ በኋላ እኛ የሳንታ ኦላያ ሰዎች ያደረግነውን ሽር ጉድ ባልናገረው ይሻለኛል።

ከንቲባችን ሳቢኖ ኮርታ ሬሳውን እንዳየ መጀመሪያ የጠየቀው «ቱሪስቶቹ አይተውታል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ነገሩን አወጣው አወረደው። ሰውየው በራሱ ወድቆ ሞተ ከተባለ ጎተራው አደገኛ ነው ተብሎ ይዘጋል፤ ጎተራው ከተዘጋ ደግሞ አውቶቡሶቹ ይቀራሉ። ሰው ገፍቶት ከሆነ ግን ጥፋቱ የጎተራው አይደለም። ገፊው የከተማው ተወላጅ ያልሆነ ሰው ቢሆንማ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ብዙ አልደከመም። የእንግዳ ማረፊያው ምግብ አብሳይ ሮሲዮ ታይፔ ከኤኳዶር የመጣች ሴት ናት። በዋዜማው ዶን ሌአንድሮ ያሰጣችውን ልብስ በከዘራው ከገመዱ ላይ ጎትቶ ጥሎ «በመካከለኛው ዘመን ከተማ ውስጥ የውስጥ ሱሪ አይሰጣም» ሲላት፣ «አንገትህን ይስበረው» ስትለው አደባባዩ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ሮሲዮ ተያዘች። ከተማችን እውነተኛ እስር ቤት ስለሌላት ለቱሪስት ማሳያ በተሠራው «የጥንት እስር ቤት» ውስጥ፣ ከሁለት የሰም ምስሎች ጋር ቆለፉባት። ማታ ወደ ኦቪዬዶ ወህኒ ልትወሰድ ነው። ጎብኚዎቹ ተዋናይ መስላቸው በፍርግርጉ በኩል ፎቶ ያነሷታል።

ከኦቪዬዶ የተላከችው መርማሪ ኦብዱሊያ ፓንዶ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። መኪና ወደ ከተማው አይገባምና ኮብልስቶኑን በእግሯ ወጥታ ግቢው ስትደርስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ከተማችንን እንዴት አገኙት?» አላት ከንቲባው።

«እንደ ታጠበ ሬሳ» አለችው። «ንጹሕ ነው፤ ግን አይተነፍስም።»

ጎተራው እንደ አካባቢው ጎተራዎች ሁሉ በአራት የድንጋይ እግሮች ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። ከመሬት የሚነሣው የድንጋይ ደረጃ በረንዳው ጋ ሳይደርስ ያበቃል፤ በመካከሉ ሰው ዘሎ የማይሻገረው ክፍተት አለ። ኦብዱሊያ ደረጃውን ወጥታ ክፍተቱ ጫፍ ላይ ቆመች።

«በምንድን ነው የሚሻገሩት?»

«በሳንቃው ነዋ» አለ ከንቲባው፤ ከደረጃው አጠገብ፣ አጥሩ ላይ በሁለት መንጠቆዎች የተሰቀለ ረጅም ሳንቃ እያሳያት።

«ጠዋት ስትመጡ የት ነበር?»

«እዚያው እንደተሰቀለ። ማን ይነካዋል ብለው ነው?»

ኦብዱሊያ ከንቲባውን ትንሽ አየችው። ሳንቃውን አውርዳ ዘረጋችና ተሻገረች፤ በረንዳውንና ባርኔጣውን ተመለከተች፤ ስትወርድ ጃንጥላዋን እዚያው ትታ፣ ሳንቃውንም እንደተዘረጋ ትታ መጣች።

ሮሲዮን ያነጋገረቻት በሰም ምስሎቹ መካከል ተቀምጣ ነው።

«አንገትህን ይስበረው ብለሻል?»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«ስለሞተ ልብሴ ከጭቃው አይነጣም።»

«ከእራት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ወጥ ቤት። ብቻዬን። ድስት ምስክር ይሆናል?» ሮሲዮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ነው። አንዴ በካቴና ኦቪዬዶ ከገባሁ በነጻ ብለቀቅ እንኳ አለቀልኝ። ይሄን ከንቲባው ከእርስዎ በላይ ያውቃል።»

ኦብዱሊያ ጠባቂውን አስከትላ ሮሲዮን ወደ ግቢው ወሰደቻትና ጃንጥላዋን እንድታመጣላት ለመነቻት። ሮሲዮ ሳንቃውን በአራት እግሯ እየዳኸች ተሻግራ፣ እንደዚያው ተመለሰች። ሳንቃው እንደተዘረጋ ቀረ። ኦብዱሊያ አመስግናት፣ ጃንጥላውን ይዛ እንደገና ወጥታ እዚያው በረንዳ ላይ ረሳችው። በዚያ ቀን ጃንጥላዋን ደጋግማ ስለረሳች ከተማው ሴትዮዋ ጃጅታለች ብሎ ሳቀባት። እኛ ለመሳቅ ፈጣኖች ነን።

ከዶን ሌአንድሮ ጋር እራት የበሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከንቲባው፣ አስጎብኚው ኤላዲዮና ዶኛ ሌዮካዲያ። ሟቹ በልቶ ሲጨርስ አፉን ጠርጎ «በዚህ ከተማ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አንድ ውሸት አግኝቻለሁ። ነገ ባለቤቱን በስም እጠራለሁ» ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አየሁት ያለ ሰው የለም።

«ማንን ማለቱ ነበር?» ብላ ኦብዱሊያ ከንቲባውን ጠየቀችው።

ከንቲባው ላቡን ጠረገ። «አደባባዩ ላይ ያለው የውሃ ጉድጓድ... ላዩ ላይ የጥንት ዘመን ቁጥር አለበት አይደል? እኔ ነኝ ያስቀረጽኩት። ሥሩ ሲሚንቶ ነው። ውሃም የለው።»

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«የጉድጓዱን ቁጥር ልፍቅ መሮ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከዚያ ፈራሁና ተመለስኩ።»

ኦብዱሊያ ጃንጥላዋን እንዲያመጣላት ላከችው። አምጥቶ ሰጣትና ሱሪውን አራግፎ ሄደ።

ኤላዲዮ ከቫያዶሊድ የመጣ ሸንቃጣ ሰው ነው፤ ስለ ሳንታ ኦላያ የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀውንም ይፈጥረዋል። «አንዲት የጥንት ንግሥት እዚህ አድራለች የሚለው የግንቡ ጽሑፍ የኔ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ግን ብታድር ምን ነበረበት? መንገዷ ነበር።»

«ቀደም ብለህ ብትነግራት ታድር ነበር» አለችው ኦብዱሊያ።

እሱም ጃንጥላውን ሊያመጣ ወጣ። ሳንቃው መሐል ላይ ቆሞ ክፍተቱ አይጥ እንዳይሻገር የተተወ መሆኑን ለጎብኚ በሚናገርበት ድምፅ አስረዳት። ከዚያ ወርዶ ሳንቃውን ሳያነሣ ሄደ።

ዶኛ ሌዮካዲያ መርማሪዋን የተቀበሉት በሳሎናቸው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው። የበራቸው ድንጋይ ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት የዘር አርማ አለ፤ ከዚያ አርማ ሥር ለማለፍ እኛ ሁላችን አንገታችንን ደፋ እናደርጋለን።

«የእራቱ ንግግር እኔን አይመለከትም» አሉ። «የቤታችን አርማ አራት መቶ ዓመት ዝናብ የጠጣ ነው። እነሳቢኖ ይፍሩ። የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ ከንቲባ ሲሆን እንዲህ ነው።»

«ጎተራው ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ሳቁ። «ልጄ፣ ጎተራ የገበሬ ነው። አባቴ እንኳን ሊወጣበት፣ በአጠገቡ ሲያልፍ አፍንጫውን በመሐረብ ይይዝ ነበር። ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ ከዚያ በቀር አላውቀውም።»

«ሮሲዮስ?»

«ምስኪን። ግን እንደነሱ ያሉ ሰዎች እስር ቤቱን ይለምዱታል።»

ኦብዱሊያ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ አርማውን ቀና ብላ አየችው። ጎረቤት ቤቶቹም በዚያው ዓይነት ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ዝናብ በሚመታው ወገን አርማ አላቸው። የጎረቤቱ አንበሳ በዝናብ ተበልቶ በግ ሆኗል። የዶኛ ሌዮካዲያ ንስር ግን ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ከሰዓት በኋላ ኦብዱሊያ ሁሉንም ጎተራው በረንዳ ላይ ሰበሰበች። ከንቲባው ዶኛ ሌዮካዲያን እጃቸውን ይዞ በሳንቃው አሻገራቸው፤ እሳቸውም በየእርምጃው «ወይኔ፣ ወይኔ» ይሉ ነበር። ሮሲዮ ከጠባቂዋ ጋር ጥግ ላይ ቆመች።

«ዶን ሌአንድሮ የሞተው ነገ ስም እጠራለሁ ስላለ ነው» አለች ኦብዱሊያ። «ከንቲባው ውሃ የሌለው ጉድጓድ አለው። ኤላዲዮ ያላደረች ንግሥት አለችው።»

«እሱ ነው ጉድጓዱን ያስቆፈረኝ» አለ ከንቲባው።

«አልተቆፈረም እኮ» አለ ኤላዲዮ። «ችግሩ እሱ ነው።»

ሁለቱ እንደ ሰፈር ልጆች ይነታረኩ ጀመር። ኦብዱሊያ እስኪደክማቸው ትታቸው ቆየች። ካፊያ ሲጀምር ወደ ሰማይ አየች።

«እንበሰብሳለን፤ ቤት ገብተን እንጨርሰው። ዶኛ ሌዮካዲያ፣ ቁልፉ የእርስዎ ነውና የጎተራውን በር ይዝጉልን።»

አንድ በአንድ ተሻግረው ወረዱ። ዶኛ ሌዮካዲያ በሩን ቆልፈው፣ ስለ ሳቢኖ ኮርታ ዘር እያጉረመረሙ በመጨረሻ መጡ። ሳንቃውን ማንም ሳይይዛቸው ተሻገሩት። ደረጃው ላይ እንደ ቆሙ ጎንበስ አሉ፤ የሳንቃውን ጫፍ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ በጉልበታቸው ደግፈው ወደ ላይ ወረወር አደረጉና ሁለቱ መንጠቆዎች ላይ ሰቀሉት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ወሬያቸውን አላቋረጡም ነበር፤ ያቋረጡት ሁሉም ሳንቃውን እያየ መሆኑን ሲያዩ ነው።

«ይኸው ነው» አለች ኦብዱሊያ። «ከእንግዲህ ቤት መግባት አያስፈልገንም።»

«ምኑ?» አለ ከንቲባው።

«ሬሳውን ስታገኙ ሳንቃው ተሰቅሎ ነበር። ዶን ሌአንድሮ ያለ ሳንቃ መሻገር አይችልም፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሳንቃ አይሰቅልም። ስለዚህ አብሮት የወጣ ሰው ነበረ፤ ያ ሰው ወርዶ ሳንቃውን ሰቀለው። ይህን አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆመህ አላየኸውም።»

«ሮሲዮ ልትሰቅለው ትችላለች።»

«ለምን? ገዳዩ ጎብኚው ብቻውን ወጥቶ ወደቀ እንዲባል ነው የፈለገው። ባርኔጣውን በረንዳው ላይ የተወው ለዚያ ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ሳንቃውን እንደተዘረጋ መተው ነበረበት። ሰቅሎት ከሄደ አስቦ አይደለም፤ እጁ ነው የሠራው። ዛሬ ሦስት ሰዎችን ጃንጥላ ፍለጋ ላክሁ። ሮሲዮ እየዳኸች ሄዳ መጣች። አንተም ትተኸው ሄድክ፤ አንተ ያደግኸው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ኤላዲዮ ስለ አይጥ አስተማረኝ፤ ሳንቃውን ግን አይጡ እንዲሻገርበት ትቶት ሄደ። እህል ያለበት ጎተራ ሥር ያደገ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ሳንቃ ሳያነሣ ከወረደ ይገረፋል። እኔም ተገርፌያለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳንቃውን ትቼ ስወርድ እጄን እየበላኝ ነበር።»

ዶኛ ሌዮካዲያ ከደረጃው አልወረዱም። «ሳንቃ መስቀል ወንጀል ሆኗል?»

«አልሆነም። ግን አባቷ በጎተራ አጠገብ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍ፣ እግሯን እዚህ ላይ አንሥታ የማታውቅ እመቤት፣ በጉልበት ደግፎ መስቀልን ከየት ትማራለች? ሁለተኛ ነገር፤ የጎረቤትዎ አንበሳ በግ ሆኗል፣ የእርስዎ ንስር ግን ትናንት የተፈለፈለ ነው። ዶን ሌአንድሮም ያንን አይቷል። የቀረጸውን ሰው መፈለግ አይከብደኝም፤ እንዲህ ያለ ንስር የሚቀርጽ ሰው በአገሩ ብዙ የለም።»

ሌዮካዲያ የደረጃው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ከኛ መካከል አንቱ ያላት የለም።

«ከሜክሲኮ ስንመለስ ባሌ ቤቱን ገዛ» አለች። «በሩ ባዶ ነበር፤ ንስሩን አስቀርጸን ከልስኑ ሥር ተገኘ አልን። ከዚያ ማዶ ካለው ሸለቆ የመጣሁ የገበሬ ልጅ መሆኔን እዚህ የሚያውቅ አልነበረም። ሌሊት ሰውየውን አግኝቼው፣ ጎተራው ምሰሶ ላይ የጥንቱ አርማ አለ ብዬ አወጣሁት። ላይ ስንደርስ ለመንኩት። እግሩን ይዤ ለመንኩት። "እመቤት፣ የእርስዎ ንስር በዕድሜ ከልጄ ያንሳል" ብሎኝ ሳቀ። ጀርባውን አዙሮ እየሳቀ ነበር።»

ሮሲዮ ከጠባቂዋ አጠገብ ወደፊት ወጣች። «እኔ እስር ቤት ልገባልሽ ነበር።»

«አንቺ ምን ይጎድልብሻል?» አለቻት ሌዮካዲያ፤ ከልቧ ገርሟት። «አንቺን ማንም አያውቅሽም።»

ከንቲባው ፈጥኖ ጠባቂውን ጠቀሰና ሮሲዮ ተለቀቀች። «ያው ስሕተት ነበር» አላት። «ለእራት ትደርሻለሽ አይደል? ዛሬ ሁለት አውቶቡስ አለብን።»

«ራስህ አብስል» አለችውና መጎናጸፊያዋን አስተካክላ ወጣች። በበሩ ስታልፍ ወደ አርማው ቀና አላለችም፤ አንገቷንም አልደፋችም።

ኦብዱሊያ ሌዮካዲያን ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። አደባባዩ ላይ ጎብኚዎች ነበሩ፤ እኛም ነበርን፤ ሁላችንም ለማየት ተጋፍተን ቆመናል። ሌዮካዲያ በኛ መካከል ራሷን ቀና አድርጋ አለፈች። የከተማው በር ጋ ሲደርሱ ግን ቆመችና ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ገደለች በይ። ቀንታ፣ አብዳ፣ የፈለግሽውን ብለሽ ጻፊ። ሳንቃ ሰቀለች ግን አትበይ።»

«ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው» አለቻት ኦብዱሊያ።

ሌዮካዲያ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።