አራተኛዋ ካርቦን

በጉልበቱ ትራክተር የተባለው ተማሪ የፊተኛውን ልጅ እጅ ጨብጦ ሲጎትት ልጁ ሊደፋ ምንም አልቀረው። ትራክተር ዛሬ ክሎሪን ነው። ከእሱ ቀጥሎ እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙት አራቱ ተማሪዎች ካርቦኖች ናቸው። መጨረሻ ላይ የቆመችው ድንቢጥ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ቁመቷ ነው።

የኬሚስትሪ መምህሩ ትምህርቱን ሊገመግሙ መጥተው ከክፍሉ ኋላ ለተቀመጡት ተቆጣጣሪዎች ያስረዳሉ። ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፤ ስበቱም አተሞቹን እንደ እጅ ባያያዟቸው ቦንዶች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። «ምን ተሰማህ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ትናንት ተጠንቷል፦ አንደኛው «በጣም»፣ ሁለተኛው «መካከለኛ»፣ ሦስተኛዋ «ትንሽ»፣ አራተኛዋ «ምንም»።

ድንቢጥ በልምምዱ ላይ እኔም ይሰማኛል ብላ ነበር። መምህሩ ግን ያንቺ ከቁጥር አይገባም አሏት፤ ትምህርቱን ያበላሸ ተማሪም ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር እንደማይመረጥ ተናገሩ። ያን ውድድር ዓመቱን ሙሉ ስታልመው ነው የከረመችው። ሦስተኛዋ ካርቦን፣ ጓደኛዋ፣ «ሆድ ይፍጀው በይና እለፊው» ብላ መከረቻት።

አሁን ግን ክንዷ ተሳበ። ጥቂት ነው፣ ግን ተሳበ። ድንቢጥ ተናደደች። ጥቂት ማለት የለም ማለት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሦስቱ የተጠናውን መለሱ። ተራው ደረሳት።

«አራተኛዋ ካርቦን፣ ምን ተሰማሽ?»

«በጣም ጥቂት። ግን ተሰምቶኛል።»

ጓደኛዋ መዳፏን ቆነጠጠቻት። መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ልጅቷ እንግዳ አይታ ደንግጣ ነው ብለው ሙከራው እንዲደገም አዘዙ። በአጠገቧ ሲያልፉም ጎንበስ አሉ።

«የውድድሩን ነገር አስቢበት፣ የኔ ልጅ።»

አሰበችበት። አባቷ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላል። ለእሱ ምን አለበት፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከመሸበት ማደር ለምዶታል። እሷ ግን ነገ የተመረጡት ስም ሲነበብ እዚሁ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ፈራች። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ ባሰባት።

እግሯን ሰፋ አድርጋ ቆመች። ትራክተር ጎተተ። መምህሩ ሌሎቹን ሳይጠይቁ ቀጥታ እሷ ላይ አፈጠጡ።

«እሺ፣ አሁንስ?»

«ተሰምቶኛል» አለች፣ ከኋላ ለተቀመጡትም እንዲሰማ አድርጋ።