ሰባተኛው ትንፋሽ

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነህ ብለው ከስድስተኛ ክፍል ያስወጡኝ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሰላም ሲሉኝ ሰላም እላለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ጵርስቅላ ነው።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ በ1958 ዓ.ም. ነው። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ለአስተማሪዎች ጠመኔና ቀለም እሰጣለሁ። እንቅልፍ የለኝም፤ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየሁ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ» የሚሉ ይመስለኛል። እናቴ ገንቦና ድስት ሠርታ ቅዳሜ ገበያ ትሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላውን ገዝተው ቤታቸው ያስገባሉ፤ የሠራችውን ሴት ግን ከደጅ አያሳልፏትም።

አንድ ጠዋት በዘበኛው ላይ ስጮህ፣ አዲስ የተቀጠረች የአንደኛ ክፍል አስተማሪ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«አንድ ጠመኔ ለማግኘት ይሄ ሁሉ ጩኸት ነው?» አለች።

አንድ ስትጠይቀኝ ሙሉ ሳጥን ሰጠኋት። ሳቀች። በማግስቱም ጠመኔ አለቀብኝ ብላ መጣች። አላለቀባትም።

ጵርስቅላ የእህል ነጋዴው የአቶ አሳምነው ልጅ ናት። አባቷ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር ከተማው ዝም ይላል። ወር ሁለት ወር አብረን ከሄድን በኋላ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ በገፋኝ ሰው ላይ ድንጋይ አነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

«ስማኝ፣ ጠና። እኔ አባቴ ቤት ቁጣ ጠግቤ ነው ያደግሁት። ሌላ ቁጣ ቤት አልገባም። ወይ ይሄን ነገር ተወው፣ ወይ እኔን ተወኝ።»

«እንዴት ነው የሚተወው? ኮት ነው እንዴ፣ የሚወልቅ?»

«ህንዱን ጠይቀው። ተማሪዎቹ ሲቀልዱበት እንኳ ፊቱ አይለወጥም።»

ህንዱ የሒሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ራኦ ነው። ጎህ ሲቀድ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኬሻ አንጥፎ፣ እግሩን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ዮጋ ይለዋል። ሄድኩ። ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ቁጣ እንግዳ ነው» አለኝ፣ የአማርኛ ቃል እየፈለገ። «መጣ፣ ሄደ። አንተ አልጋህን አትስጥ። ሰው ሲሰድብህ አሥር ትንፋሽ። ቀስ ብለህ። ከዚያ መልስ።»

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ወሰደኝ። እህል ሳኝክ ጣዕሙ ይሰማኝ ጀመር። ስንት ዓመት ሙሉ ስውጠው የኖርኩት ቂሜን ነበር ለካ። ከከተማው ዳር ተቀምጠን ጵርስቅላ ትቆጥርልኛለች። «አንድ… ሁለት…» ስትል ዓይኗን አያለሁ፤ ትንፋሼ ይብሱን ይጠፋል።

«ጨፍን እንጂ!»

«ጨፍኛለሁ።»

«ውሸታም።»

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው፣ «ቅዳሜ እናትህን አሳየኝ» ትላለች።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ» እላለሁ። እንዲህ እያልን ስንት ቅዳሜ አለፈ።

ባለሱቁን ጋሽ ተክለጊዮርጊስንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ላክሁ። አቶ አሳምነው «ልጁን ራሱን አምጡት፤ ፊቱን ልየው» አለ። ወግ አይደለም፤ ግን ሄድኩ። እሱ ወንበር ላይ፣ እኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የጵርስቅላ ጫማ ጫፉ ይታየኛል።

«ጠዋት ጠዋት ለፀሐይ የምትሰግደው አንተ ነህ?»

«አልሰግድም ጌታዬ። እተነፍሳለሁ።»

«እኛስ ምን ስንሠራ ነው የምናድረው?» ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ገበያው ዳር ገንቦ ዘርግታ የምትቀመጠው፣ እጇን ጭቃ የማይለቀው አሮጊት፣ እናትህ ናት አሉ። እውነት ነው?»

ድሮ ቢሆን ጠረጴዛው ይገለበጥ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ። ሁለት።

«አንተን እኮ ነው!»

ሦስት። ጋሽ ተክለጊዮርጊስ በክርኑ ጎሸመኝ። «በል እንጂ ልጄ፣ መልስ።» አራት። አምስት። ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ፤ ጫማዋ እንዳለ ነው። ስድስት። ሰባት።

ወንበሩ ተገፋ። አቶ አሳምነው ተነሣ።

«አያችሁ? እናቱን አያውቃትም!»

ከመጋረጃው ሥር ጫማው አልነበረም።

ለሚስተር ራኦ ነገርኩት። ኬሻውን ጠቅልሎ ሲጨርስ፣ «ከዚያ መልስ ብዬህ ነበር» አለኝ። «ትንፋሽ በር ነው፣ መውጫ። አንተ መደበቂያ አደረግኸው።»

ጵርስቅላ ዶዮገና ለማስተማር ተዛውራ በሳምንቱ ሄደች። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በሩጫ ደረስኩ። መስኮቱን ከፈተች።

«እየቆጠርኩ ነበር! እናቴ ትሙት፣ አሥር እስኪሞላ ነው!»

«በእሷ አትማል።»

«አንቺ አይደለሽ ቁጣህን ተው ያልሽኝ?»

«ቁጣህን አልኩህ እንጂ እናትህን አልኩህ?» ክንዷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች። «እሺ ይሁን። አሥር ቢሞላ ኖሮ ምን ልትል ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል፤ የማውቃቸው ናቸው፣ እነዚያው «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ» የሚሉት ናቸው። ያን ጊዜ አልቆጠርኩም። ቁጣም አልነበረኝም። ዝም ብቻ አልኩ።

መስኮቱን ዘጋችው። ስትዘጋው ቀስ ብላ ነው፤ እሱን አልረሳም።

ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከእናቴ ጎን፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ፣ ደንግጣ። አቶ አሳምነው ሲያልፍ ተነሣሁ። «እናቴ ናት!» አልኩት ጮክ ብዬ። ዞሮም አላየኝ። እሱ የጠየቀኝ ግን ያን ዕለት፣ ቤቱ ነበር።

ጵርስቅላ ዶዮገና አግብታ ወልዳለች ይባላል። እናቴ ካረፈች ቆየች። እኔ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ኬሻዬ ላይ እቀመጣለሁ። እስከ ስድስት በደህና እሄዳለሁ። ሰባት ስል ያ ወንበር ይገፋል። «እናቴ ናት» እላለሁ፣ ብቻዬን፣ ድምፄን አውጥቼ። ስምንት የምለው ከዚያ በኋላ ነው።