የኤረር በሩ ጭስ

ዐብዱልገኒ ሞቶ የተገኘው ከሐረር ከተማ ኤረር በር ውጭ፣ ኖራ ከሚያቃጥልበት እቶን አጠገብ ነው። ነጭ ጭቃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። እቶኑ ገና ይጨሳል።

ነገር በመፈልፈል የታወቁት ባላምባራስ ሀብተወልድ ተጠርተው ሲመጡ፣ የሕንፃ ሥራ ሹሙ አቶ ለገሠ የናስ ቀለበት ያለበትን ከዘራውን ተደግፎ ራቅ ብሎ ቆሟል። ገዢው በየማለዳው ከሰገነታቸው ሆነው ይህን ጭስ ያያሉ። ጭስ ካለ ኖራ አለ፣ ኖራ ካለ ግንብ አለ፣ ግንብ ካለ አገር ለምቷል ይላሉ፤ ለእንግዳም ያሳያሉ። ባላምባራስም ባለፈው ግብር ላይ በእንግዶች ፊት ተነሥተው «ሐረር በጭሷ ትኮራለች» ብለው ደስ አሰኝተዋቸዋል።

«ገዳዩ ወንድሙ ዐብዱልመጂድ ነው» አለ አቶ ለገሠ። «ትናንት ሲጣሉ አገር ሰምቷል። ሲመሻሽ ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ገፍቶ ከሚንተከተከው ኖራ ውስጥ ጣለው።»

«ወደ ጉድጓዱ አልወረዱም?»

«እስከ አሁንም አልተጠጋሁ። ሬሳ ማየት አልወድም።»

ባላምባራስ ሬሳውን አገላብጠው አዩ። ማጅራቱ ላይ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ የክፉ ምት ምልክት አለ። ፊቱና እጁ ግን አንድም ቦታ አልተላጠም።

ዐብዱልመጂድ ታስሮ ቀረበ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አፍራለሁ ጌታዬ።»

«ትሰቀላለህ እኮ!»

«ልሰቀል። ወላሂ ከአፌ አይወጣም።»

ባላምባራስ ወደ ሟቹ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ሰዐዲያ ከመደቡ ጥግ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መደቡ ቀይ አፈር ተቀብቶ ያምራል፤ ግድግዳው ግን ወይቧል፣ ተልጧል።

«አላህ ያጽናሽ። ዐረፋ በቅርቡ አይደል ያለፈው? የሐረር ሴት ለዐረፋ ቤቷን ኖራ ሳትቀባ ትቀራለች?»

ሰዐዲያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። «አልደረሰልኝም።»

«የኖራ አቃጣይ ሚስት ሆነሽ?»

«ኧረ አያሳፍሩኝ ጌታዬ!»

ሲወጡ በጎረቤቶቹ ደጅ አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ አዩ። አንድም የነጣ ግድግዳ የለም።

ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ሰው በእቶኑ አጠገብ ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚማግድ በመጥፋቱ እሳቱ ጠፍቷል።

ባላምባራስ በእቶኑ ጥግ ከተደረደረው ጆንያ ነጭ ዱቄት ዘግነው ገበቴ ላይ ጨመሩና ውሃ አፈሰሱበት። ሰው ሁሉ አፍጥጦ ጠበቀ። ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

«ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ሥጋም ይልጣል። ይህ ግን ዐመድና ነጭ አፈር ነው፤ የሟቹም ገላ ደህና ነው። አቶ ለገሠ፣ የኖራን ጠባይ ስለሚያውቁ ውሸትዎን በእሱ ልክ ሰፉት። ያልነበረ ኖራ ሲንተከተክ አዩ።»

«ከሩቅ ስለሆንኩ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን። እስቲ የከዘራዎን የናስ ቀለበት ከፍ ያድርጉት።»

አቶ ለገሠ አልነቃነቅ አለ። ዘበኛው ከዘራውን ነጥቆ ቀለበቱን ሳበው። ሥሩ የደረቀ ነጭ ጭቃ ሞልቶበታል።

«ያልተጠጉት ጉድጓድ ጭቃ እዚህ ምን አመጣው? ሲመቱት ከዘራው አብሮት ወደቀ፤ አውጥተው ጠረጉት፣ ቀለበቱን ግን ረሱት። የሟቹ ማጅራት ላይም የዚሁ ቀለበት ምልክት አለ።»

ይኼኔ ዐብዱልመጂድ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፍኖ ተናገረ።

«የሚገነባ ጠፍቶ ድንጋይ ፈላጮቹ ድሬዳዋ ከወረዱ ወዲህ፣ እዚህ ኖራ የለም። አቶ ለገሠ እርጥብ እንጨት አንድዱ፣ ጭሱ አይቋረጥ አለን። ማጋጁ እኔ ነኝ። ወንድሜ ለገዢው እናገራለሁ ቢለኝ አታዋርደን ብዬ ተጣላሁት።»

«እኔንስ ምን ሊሉኝ ነበር?» አለ አቶ ለገሠ። «ሹመቴ ጭሱ ነው።»

«ይህን የሚያውቅ ሌላ አለ?» ሲሉ ባላምባራስ ጠየቁ።

ከሰዉ መሃል መልስ የሰጠች ሰዐዲያ ናት።

«ሁላችንም ጌታዬ። ሐረር ደኸየች ከምንባል ብለን ዝም አልን። ውስጡን ለቄስ!»

ወዲያው ከገዢው ግቢ አንድ አሽከር እየሮጠ ደረሰ። «ጌቶች እንግዶች አሉባቸው። ጭሱ ለምን ቀረ? ቶሎ ይነደድ ብለዋል።»

ገና መፈታቱ የነበረው ዐብዱልመጂድ ልማድ ሆኖበት ወደ እንጨቱ ተራመደ። የሰዐዲያን ዐይን ሲያይ ባለበት ቁጭ አለ።

ባላምባራስ በግብሩ ላይ የተናገሩት ትዝ ብሏቸው ፊታቸው ጋለ። ከጉድጓዱ ጭቃ ዘገኑ።

«አንተ ቆይ» አሉት አሽከሩን። «በእንግዶች ፊት ጭሱን ያመሰገንኩት እኔ ነኝ። በእንግዶቹ ፊት ለጌቶች እውነቱን የምነግራቸውም እኔው ነኝ።»

ጭቃው በጣታቸው መሃል እየተንጠባጠበ ሽቅብ ወደ ከተማው ሄዱ።