ያልጎበጡት ችንካሮች

ሰር ላዮኔል አስክሪግን ከአልጋው ጣሪያ ሥር ለማውጣት አራት ሰው ፈጀ። ጣሪያው ከባሉጥ እንጨት የተሠራ፣ ቅጠልና የአንበሳ ፊት የተቀረጸበት፣ በአራት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ፣ በሬ የሚያህል ነገር ነበር። ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩትን አልጋ ሊሞክሩ በጠራራ ፀሐይ ጋደም ብለው መጋረጃውን ሳብ ሲያደርጉ ወረደባቸው። ከአልጋ የወደቀ ሰው ሞልቷል፤ አልጋ የወደቀበት ግን በእንግሊዙ ደርቢሻየር እሳቸው የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በንጉሡ የተሾሙት አስከሬን መርማሪ ባርናቢ ክሩ ሲደርሱ አናጢው ቶቢያስ ኦዲ እጁን ታስሮ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። ቤተ ሰቡ ፍርዱን ጨርሶ ገመድ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

«እንኳን መጡ ጌታዬ» አሉ ሙሽራው ሐምፍሪ ስሌድ። እሳቸው ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ሙሽሪት ኡርሱላ አሥራ ዘጠኝ። «ይህ ሰነፍ አናጢ አማቼን ገደለብኝ። ይሰቀልልኝ!»

«ቀስ ይበሉ። ሰቅለን ብንሳሳት ማውረዱ አይጠቅመውም።»

ክሩ ተንበርክከው ከስብርባሪው መካከል አራት የእንጨት ችንካሮች ለቀሙ። ጣሪያውን ከምሰሶዎቹ ጋር አያይዘው የነበሩት እነዚህ ናቸው። በጣታቸው አንከባለሏቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ለስልሰው የሚያብረቀርቁ ነበሩ።

«ቶቢያስ፣ ና እስቲ። ሙጫ አላደረግህበትም?»

«ሙጫ ለምኔ ጌታዬ? የምሰሶውንና የአግዳሚውን ቀዳዳ ሆን ብዬ የገብስ ፍሬ ያህል አዛንፋቸዋለሁ። ደረቅ ችንካር በመዶሻ ስመታበት እየተጣመመ ይገባና ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። አያቴ የሠራው አልጋ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፤ ያለቁት የተኙበት ናቸው።»

«እጁን ፍቱት። ከራስጌው ችንካሮች አንዱን አውጣልኝ።»

ቶቢያስ ከኋላ መትቶ አወጣው። ችንካሩ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ጎብጧል፤ በቢላ የተጠረበ ገላው ሻካራ ነው። ክሩ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

መስኮቱ አጠገብ የጥልፍ መወጠሪያ ቆሟል። የተጀመረው ጨርቅ ላልቶ ተንዘላዝሏል፤ የመወጠሪያው አራቱም ማዕዘን በክር ታስሯል።

«የማን ነው?» ብለው የሟቹን ሁለተኛ ሚስት እመቤት ኦነርን ጠየቁ።

«የእንጀራ ልጄ ነዋ! እኔማ መርፌው ቀርቶ ጣቴም አይታየኝ። የሠርጓን መጋረጃ ነበር የምትጠልፈው። ከማክሰኞ ወዲህ እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሙሽራ ምን ይባላል? ዝም አልናት።»

«ማክሰኞ ቤቱ ውስጥ ምን ነበር?»

«የማይሆን ምን ነበር! የኖራ ሠራተኞቹ የጎን ክፍሉን ርብራብ ሲመቱ ዋሉ። ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል።»

ክሩ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰቧቸው። ኡርሱላ ከሁሉም ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ኦዲ አልጋውን ሰኞ ጨረሰ» አሉ ክሩ። «እሱ የመታው ችንካር ይጎብጣል። የወደቁት አራቱ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንግዲህ የእሱ አይደሉም። ሌላ ሰው የጎበጡትን አውጥቶ እነዚህን ቀጫጭኖች በእጁ ሰክቷል። መጋረጃ እስኪሳብ ብቻ ይዘው ቆዩ። አናጢ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ያለ ችንካር እንደሚያሳብቅበት ባወቀ። ደግሞ አንዴ ተመትቶ የሚቀር ችንካር አይለሰልስም። የሚለሰልሰው ጣት የለመደው፣ ዘወትር የሚነቀልና የሚሰካው ነው።»

ወደ መወጠሪያው ሄደው ከለስላሶቹ ችንካሮች አንዱን ማዕዘኑ ላይ ባለው ባዶ ቀዳዳ ሰኩት። ልክክ አለ።

«የጎበጡት ሲወጡ መዶሻው ያልተሰማው ማክሰኞ ቤቱ ሁሉ መዶሻ ስለነበረ ነው። እመቤት ኦነር ቀዳዳውን አያዩትም። ሚስተር ስሌድ ቤቱን የረገጡት ዛሬ ጠዋት ነው። የቀረው...»

«እኔ ነኝ!» አለ ቶቢያስ። «ከመወጠሪያዋ ሰርቄ የቀየርኩት እኔ ነኝ!»

ክሩ ቀና ብለው አዩት። «የጎበጡት አራቱስ የት አሉ?»

ቶቢያስ በስብርባሪው መካከል በዓይኑ ፈለገ።

«የስፌት ሣጥኔ ውስጥ ናቸው» አለች ኡርሱላ። «ተው ቶቢያስ። ራስጌው ላይ ምን አበባ ልቅረጽልሽ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው ሁሉ የጠየቀው አባቴን ነው።»

«አባትሽን ልትገድዪ ነበር?» አሉ ክሩ ዝግ ብለው።

«አባቴን? አባቴ በሕይወቱ ቀን ተኝቶ አያውቅም!» አለች። «እሁድ ማታ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ እሳቸው» ብላ በአገጯ ወደ ስሌድ አመለከተች፤ «መጋረጃውን ሲዘጉ ሁለታችንም ከሥሩ እንሆን ነበር። ሁለታችንም።»

እመቤት ኦነር በእጃቸው ወንበር ዳብሰው ተቀመጡ። ክሩ ብዕራቸውን አወጡ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሲቆዩ የመስቀያው ገመድ ከአንዱ አንገት ወልቆ ሌላ ሳያገኝ ሲመለስ አይተው አያውቁም። የኡርሱላን ስም ጻፉ።

«ለመሆኑ» አሉ ስሌድ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አልጋው ይጠገናል?»

ቶቢያስ ጎንበስ ብሎ የተገለበጠውን ጣሪያ በመዳፉ ዳሰሰው።

«እንጨቱማ ምንም አልሆነም ጌታዬ» አለ፤ እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ።