ዋርካው ስር ያለው ክፍል

ክብሩ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመ። የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ፤ እጁ ግን ክሩን አልነካም፤ ደረቱን ይዞ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሩሀማ፣ አጠገቧ ሲቀመጥ።

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

ሙቀት አልነበረም። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደብተሮቻቸውን እየገለጠ ያስቸግር ነበር። ትምህርት ቤቱ ዋርካው ስር ይህን ክፍል የከፈተው እንደነሱ ላሉ ልጆች ነው፤ አስም ላለባቸው፣ ልባቸው ለታመመ፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለሚታፈኑ። ሌሎቹ ተማሪዎች «ክሊኒኩ» እያሉ ያሾፉበታል። ሩሀማ ግን ትወደዋለች። አምና በግድግዳ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስትማር አስሟ ተነስቶባት ወለሉ ላይ ስትወድቅ፣ ከበዋት የቆሙ ልጆች ጫማ ብቻ ነበር የሚታያት።

«ክብሩ፣ መርፌህን ተወግተሃል?» አለች በሹክሹክታ።

ለልቡ በየወሩ መርፌ መወጋት አለበት። እግሩን ወንበሩ ስር ሰበሰበ።

«ከክረምት ወዲህ አልሄድኩም» አለ። «ስወጋ መራመድ ያቅተኛል። ደግሞ ደህና ነበርኩ እኮ።»

«ለእናትህስ?»

«ተወጋሁ እላታለሁ።»

ሩሀማ እግሩን አየች። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የካልሲው ጠርዝ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

«ለቲቸር ልንገራቸው።»

«እንዳታደርጊው ሩሂ። ዳይሬክተሩ ምን እንዳሉ ረሳሽ? እዚህ አንድ ልጅ ከወደቀ ክፍሉን እዘጋለሁ ብለዋል። ሁላችንም ወደ ውስጥ እንመለሳለን። አንቺም።»

መምህር በርናባስ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። እስከ እረፍት ድረስ ይሻለዋል ብላ ራሷን አባበለች። ክብሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ይቆራረጣል። አንዴ ሲዘገይባት የራሷንም ትንፋሽ ይዛ ጠበቀች። ቀና ሲል ከንፈሩ ጠቁሯል።

«እንዳትናገሪ ቃል ግቢልኝ» አላት።

ሩሀማ የተዘጉትን የክፍል መስኮቶች አየች። ተነሳች።

«ቲቸር፣ ክብሩ ታሟል።»

መምህሩ ዞረው እንዳዩት ማርከሩን ጥለው መጡ። ግቢው በር ላይ የቆመ ባጃጅ አስጠርተው ልጁን አቅፈው ወደ ባጃጁ ወሰዱት። ዳይሬክተሩም የልጆቹን ጩኸት ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ፤ ዋርካው ስር ቆመው የተገለበጠውን የክብሩን ወንበር ያያሉ። ሩሀማ ዓይናቸውን ሸሽታ መምህሩን ተከተለች።

«መድኃኒቱን አቋርጦ ነበር እንዴ?» አሏት መምህር በርናባስ ባጃጁ በር ላይ። «ሐኪሞቹ ይጠይቁናል። የምታውቂው ነገር አለ?»

ክብሩ ከውስጥ ሆኖ ራሱን በአሉታ ነቀነቀባት።

«አብሬያችሁ ልምጣ» አለች ሩሀማ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ክብሩ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሩሀማ አጠገቡ ገብታ ትከሻዋን አስደገፈችው፤ ባጃጁ ሲነሳም፣ ለሐኪሙ ከየት ጀምራ እንደምትናገር ማሰብ ጀመረች።