ከአቡጀዲው ጀርባ

ጉሉማን የገደለው የገዛ በሩ መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያውን ያነሳው እጅ የማን እንደሆነ ደግሞ ነቀምቴ በሙሉ ከመቶ አለቃ ዋጋሪ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ነበር። እሑድ ጠዋት የጉሉማ አከራይ ጩኸቷን ስትለቀው ዋጋሪ ገና ጫማውን አላሰረም። ከቦታው ሲደርስ በሩ ላይ የተኮለኮለው ሰው ሁሉ «ጨመዳ ነው! ሌላ ማን አለ?» ይል ነበር።

ሟቹ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው። እንጀራው እሱ ይሁን እንጂ ነፍሱ ያለችው ሲኒማ ቤት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባለሲኒማው በአቶ ተድላ አዳራሽ ውስጥ የታየውን ፊልም እዚያው ዕለት በመኪናው ይተቸዋል፣ በማግስቱ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ትችት ይባል እንጂ ስድብ ነው! የጥንቶቹን ድምፅ አልባ ፊልሞች እንደ አባት ያከብራል፤ ባለቀለሞቹን አዳዲሶች ግን አፈር ድሜ ያስግጣቸዋል። «ቀለሙን ቢያጥቡት ከሥሩ ምንም አይገኝም» ይላል። አዲስ አበባ ገባ የተባለውን ቴሌቪዥን እንኳ በዓይኑ ሳያየው «ሣጥን ውስጥ የሚገባ ሬሳ ብቻ ነው» ብሎ ፈርዶበታል።

ዋጋሪ በበኩሉ ፊልም አይቶ አያውቅም። «የሌለ ሰው ሲሞት ለማየት ገንዘብ አልከፍልም» ባይ ነው።

ጉሉማ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። መኪናው ላይ አንድ ወረቀት እንደተሰካ አለ። ዋጋሪ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«የዛሬው ባለቀለም ፊልም ለዓይን ደኅና ነው። ተኳሹ በቀኝ እጁ ሽጉጡን መዝዞ ሦስቱን ሲጥላቸው ልብ ያሞቃል። ያበላሸው ጨመዳ ነው። ይህ ቀጣፊ ዳግመኛ አፉን እንዳይከፍት ለፖሊስ አመለክታለሁ።»

ጨመዳ የሲኒማው ተርጓሚ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲያወራ እሱ በቆርቆሮ ጡሩንባ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። ሲመልስም ከራሱ ይጨምራል፤ ተኳሾቹን እንደ ጎረቤት ሰላምታ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ያሰኛቸዋል፣ ወንድና ሴት ሲሳሳሙ ደግሞ «ስለ ጤንነታቸው እየተጠያየቁ ነው» ይላል። ባለፈው ሳምንት ጉሉማ በሰው ፊት «ውሸታም» ቢለው ኮሌታውን አንቆ «አንገትህን ነው የምሰብረው!» ብሎታል። ይህን ያልሰማ የለም።

ቅዳሜ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የት እንደነበር ሲጠየቅ «ቤቴ ተኝቼ» አለ። ያየው ሰው የለም። ዋጋሪና ጨመዳ ጨለለቂ በሚባል መንደር አብረው ያደጉ ናቸው፤ ቢሆንም ዋጋሪ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካቴናውን በገዛ እጁ አጠለቀለት። ሻምበሉም «ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት ይቅረብ» አለ። የዚህ ዓይነቱ ክስ መጨረሻው ገመድ ነው።

የዚያው መንደር ልጅ የሆነችው የጨመዳ ሚስት ድርቤ ጣቢያው ድረስ መጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለዋጋሪ ይሻለው ነበር።

«አንተ ዋጋሪ! እናቴ ቤት በልተህ አድገህ ባሌን ልታሰቅል ነው?»

«ሕግ ነው፣ አዴ ድርቤ። ሰውየውን ሲዝትበት አገር ሰምቷል።»

«ዛቻማ በየሳምንቱ ነው! ቅዳሜ ሲጣሉ፣ በማግስቱ ሲታረቁ ስንት ዓመታቸው? ከአቡጀዲው ጀርባ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሰዳደቡ ናቸው።»

«የቱ አቡጀዲ?»

«ፊልሙ የሚበራበት ነዋ! ተድላ ‹ፊልሜን እየጮኸ ይሰድባል› ብሎ ጉሉማን ከፊት አባሮታል። ሰው እንዳያየው በጓሮ በር እየገባ በአሥር ሳንቲም ከኋላ ነበር የሚያየው። ባሌም ለኋላዎቹ ነው የሚተረጉመው። ይህን ሳትጠይቅ ነው ያሰርከው?»

አልጠየቀም ነበር። ዋጋሪ ተነሥቶ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰ።

የድሮዎቹን ትችቶች ከአልጋው ሥር አውጥቶ አንድ በአንድ አነበበ። የሰውየው ምላስ ያቃጥላል። አንዱን ተዋናይ «ሲሞት ያምርበታል፣ ቶሎ አለመሞቱ ነው ችግሩ» ብሎታል። ሌላዋን «ላም ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ አሁን አየሁ» ብሏታል። ዋጋሪ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጉሉማ የጻፈባቸው ተኳሾችና ባለጎራዴዎች አንድ ሳይቀሩ ግራኞች ናቸው።

«የፈረንጅ አገር ሰው ሁሉ ግራኝ ነው እንዴ?» አለ ለራሱ።

የሟቹን ኮት ሲፈትሽ ከውስጥ ኪሱ ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቅዳጅ አገኘ። ቅዳጁ ላይ ስለ አንድ የጎራዴ ፊልም ትችት አለ፤ ከሥሩ «መምህር ኢዶሳ፣ ከነቀምቴ» ይላል።

በመጀመሪያ አቶ ተድላን ጠየቀ። ተድላ ከጉራጌ አገር መጥቶ በሱቅ ጀምሮ ሲኒማ ቤት የከፈተ ሰው ነው።

«ጉሉማ ፊልሞችዎን ሲያዋርድብዎት አይጠሉትም ነበር?»

«እንዴት አልጠላውም! ግን ልንገርህ ጌታዬ፣ እሱ የሰደበው ፊልም ነው አዳራሽ የሚሞላልኝ። ሰው ‹እውነት እንዲህ ይከፋል?› እያለ ይመጣል። ያመሰገነው ዕለት ወንበሬ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ለምን አባረሩት?»

«ፊት ያሉት ሹሞች ናቸው፣ ጩኸት አይወዱም። ከኋላ ግን ይጩህ፤ እዚያ ፊደሉም አይነበብ፣ ርካሽ ነው።»

መምህር ኢዶሳን፣ እሑድም ቢሆን፣ ያገኘው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው። የጽሕፈት መኪናውን በሁለት ጣት ሳይሆን በአሥሩም ጣት ነበር የሚመታው። እሱና ጉሉማ በፊልም ጉዳይ ዓይንና ናጫ እንደሆኑ ከተማው ያውቃል፤ ኢዶሳ የአዲሱ ጠበቃ ነው።

«ይህ የእርስዎ ነው?» ዋጋሪ ቅዳጁን ዘረጋለት።

መምህሩ ደረቱን ነፋ። «የኔ ነው። የአዲስ አበባው ጋዜጣ በየወሩ ያወጣልኛል። እንዲያውም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እዚያው በአምደኛነት ቀጥረውኛል።»

«እስቲ ያንብቡልኝ፣ እኔ ፊልም አይገባኝም።»

ኢዶሳ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «‹ጎራዴውን በግራ እጁ ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ያየነው ጀግና ሳይሆን ለሠርግ የተከራየ አሽከር ነው።›»

«ግሩም ነው! እርስዎ የት ሆነው ነው የሚያዩት?»

«ከፊት ነዋ፣ ከሹሞቹ ጋር።»

«ከኋላስ?»

«እዚያ እግሬን አስገብቼ አላውቅም፣ መቶ አለቃ። ቁንጫው ራሱ ተመልካች ነው።»

«ቅዳሜ ፊልሙ ሲያልቅ ወዴት ሄዱ?»

«ቤቴ። ደብተር ሳርም አመሸሁ። ገዳዩን ይዛችኋል አይደል? ምን ያደክምዎታል?»

ፊልሙ በዚያው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደግሞ ይታይ ነበር። ዋጋሪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ቆረጠ፤ የአሥር ሳንቲሙን። ከኋላ ያለው ሕዝብ ተርጓሚ በማጣቱ ክፉኛ ተቆጥቷል። «ጨመዳን መልሱልን! ዲዳ ፊልም አናይም!» ይላል። የፖሊስ ልብሱን ሲያዩ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው፤ አንዷ ሴትዮ አግዳሚው ላይ እንዳይቀመጥ ዘንቢሏን አስቀመጠችበት። ዋጋሪ ቆሞ አየ። ተኳሹ ሽጉጡን መዘዘ። በግራ እጁ!

እየሮጠ ዞሮ በዋናው በር ገባ። ሰውየው እንደገና ሲተኩስ ጠበቀ። አሁን ተኳሹ ሽጉጡን የያዘው በቀኝ እጁ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለ ዋጋሪ ጮክ ብሎ። ሹሞቹ ዞረው ገላመጡት፤ ደንታ አልሰጠውም።

ፊልሙ ሲያልቅ ማንም እንዳይወጣ አዘዘ። ጨመዳን ከነካቴናው አስመጣ፤ ድርቤ ተከትላው ገባች። ተድላ በሩ ላይ ቆመ፣ ፊልሙን ደግሞ ሊያይ የመጣው መምህር ኢዶሳ ከፊት ወንበሩ አልተነሣም። የኋላዎቹም ወደ አዳራሹ ጎረፉ።

«መምህር፣» አለ ዋጋሪ፣ «ጉሉማ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚሁ ወደ ዳር ይሆናል፤ በጨለማ ማን ያያል?»

ከኋላ የመጣው ሕዝብ ሳቀ። አንዱ «ከኛ ጋር ነበር እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ከአቡጀዲው ጀርባ ነበር። አቶ ተድላ፣ ከዚያ ሆኖ ሲያዩት ሥዕሉ ምን ይሆናል?»

«ይገለበጣል ጌታዬ። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። አቡጀዲውን የሰቀልኩት እኔ፣ አጥቼው ነው?»

«ስለዚህ ጉሉማ ያያቸው ሰዎች ሁሉ ግራኞች ናቸው፤ የጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። መኪናው ላይ የተገኘው ወረቀት ግን ‹በቀኝ እጁ› ይላል። ያንን የጻፈው ከፊት ያየ ሰው ነው። ጉሉማ ደግሞ ባለቀለም ፊልምን ‹ለዓይን ደኅና ነው› ከሚል ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ወረቀቱ ከሞተ በኋላ የተጻፈ ነው፤ የተጻፈውም ጨመዳን ለማሰቀል። ጨመዳ ሊሆን አይችልም፤ እሱም ከኋላ ሆኖ ግራኝ ነው የሚያየው፣ ለዚያውም ራሱን የሚወነጅል ወረቀት አይጽፍም። አቶ ተድላም ሥዕሉ እንደሚገለበጥ ያውቃል፤ ጉሉማ ከኋላ እንደሚያይም ያውቃል። ቢጽፍ ‹በግራ› ይል ነበር።»

ዋጋሪ የስኳሩን ቅዳጅ አወጣ።

«መምህር፣ እርስዎ ከኋላ እግርዎን አስገብተው አያውቁም፤ ራስዎ ነግረውኛል። ታዲያ በእርስዎ ስም የታተመው ባለጎራዴ እንዴት ግራኝ ሆነ?»

ኢዶሳ ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ተድላ ቆሞበታል።

«ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን እየገለበጡ ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ነበር። ሲገለብጡ እጅዎ ሠራ እንጂ ዓይንዎ አልሠራም። ጋዜጣው እዚህ ብዙ አይደርስም፤ ቅዳሜ ግን ለስኳር መጠቅለያ ሆኖ ጉሉማ እጅ ገባ። የገዛ ቃሉን በሰው ስም አነበበው።»

«ማመልከቻ ጸሐፊ!» ኢዶሳ ብድግ አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «በአሥር ሳንቲም ከጨርቅ ኋላ የሚያይ ሰውዬ! በሱ ስም ቢላክ ማን ያትመዋል? ቤቱ ጠርቶኝ ‹ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን አውጣልኝ› አለኝ። ያ ከሆነ እኔ ምን ልሆን ነው? ሥራዬስ? እንቢ ስለው ‹ለጋዜጣው እጽፋለሁ› ብሎ ወደ መኪናው ዞረ... መቀርቀሪያው አጠገቤ ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። ሕዝቡ ሊቦጫጭቀው ተንጋጋ፤ በጓሮ በር አሾልከው ወሰዱት።

ዋጋሪ ቁልፉን አውጥቶ የጨመዳን ካቴና ፈታ። የእጁ አንጓ አብጦ ደም ቋጥሯል።

«ጨመዳ፣ ማሎ፣ እባክህ... ተሳስቻለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ሲል...»

«ሕዝቡማ እንዳንተ አያውቀኝም» አለ ጨመዳ አንጓውን እያሸ። «ጉሉማ ውሸታም ብሎኛል። ውሸታም ነኝ፣ ተጣልተን በማግስቱ ታረቅን። አንተ ግን አብረኸኝ አድገህ ነፍሰ ገዳይ አልከኝ።»

ዋጋሪ እጁን ዘረጋ። ጨመዳ አልጨበጠውም። ድርቤ ነጠላዋን አውልቃ ያበጠውን የባሏን እጅ ጠቀለለችና ይዛው ወጣች። የኋላዎቹም ተከተሏቸው።